የአሸዋ ቀባሪው እግር

እስክንድርያ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1997

ወንድሜ ሰኑሲ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አንተ፣ ባለቤትህ ዘሕራ፣ ልጅህ ዑምራን፣ ጎረቤቱም አህዮቹም ሳይቀሩ እንደምን ከረማችሁ? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። ሰላምታው እዚህ ላይ አበቃ። ከዚህ በታች ያለው ንዴት ስለሆነ ተቀምጠህ አንብበው።

የጠየቅኸኝን ቅባት አልልክልህም። ፋርማሲ ሄጄ ነበር። ሰውዬው ቅባቱን ካወጣ በኋላ "ለምንህ ነው?" አለኝ። "ለወንድሜ የእግር አውራ ጣት፤ ጠቁሮበታል" ስለው መልሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠውና "የጠቆረ ጣት አይቀባም፤ ሰውዬውን ይዘኸው ና" አለኝ። እስክንድርያ ውስጥ አልሸጥም የሚል ነጋዴ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። የፈራሁት ያኔ ነው።

አንተ "ትንሽ ተላጠ" ብለህ ነው የጻፍክልኝ። ዑምራን ግን ከስልክ ቤት ደውሎ ሁሉንም ነግሮኛል። እንዳትቆጣው። እያለቀሰ ነው የነገረኝ፣ ያውም ወረፋ የቆመው የሲዋ ሰው ሁሉ እየሰማው። ስለዚህ ከእንግዲህ ስለ እግርህ የምንነጋገረው በደብዳቤ ብቻ ነው።

እሱ እንደሚለው የአሸዋው ወቅት ሲያልቅ እንደ ልማድህ ራስህን አስቀበርክ። በጋውን ሙሉ ደክሩር ተራራ ሥር የሰውን ወገብና ጉልበት ለፈውስ በጋለ አሸዋ ስትቀብር ትከርምና የመጨረሻው ቀን ያንተ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። "እግሬን ብርድ ገብቶታል፤ እግሬ ላይ ጨምሩ" አልካቸው። ጨመሩ። "ጨምሩ!" አልክ። ጨመሩ። የአሸዋውን አዋቂ ማን ደፍሮ "ይበቃሃል" ይለዋል? ከዚያ ድንኳን ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልለህ ትኩስ አብሽ እየጠጣህ ተኛህ። ነፋስ እንዳይገባ ተብሎ ሦስት ቀን ሳይሞላ ከአሸዋ የወጣ ሰው አይገለጥም። ሲገልጡህ የውስጥ እግርህ ቆዳ ብርድ ልብሱ ላይ ቀረ። አንተስ ምን አልክ? "ምንም አላመመኝም።" ዑምራን ይህቺን ሲነግረኝ ለቅሶውን አቁሞ ነበር፤ ኮርቶብሃል።

ሰኑሲ፣ እኔን ያስደነገጠኝ ቃጠሎው አይደለም። አለማመሙ ነው።

ወንድምህ መንግሥት ቤት ምን ይሠራል ብለው ሲጠይቁህ የምትመልሰው እንዳጣህ ጽፈሃል። የተቆረጡ እግሮች ይቆጥራል በላቸው። ከየሆስፒታሉ የሚመጣውን ወረቀት በሁለት ዓምድ እከፍለዋለሁ፤ በአንደኛው ስኳር በሽታ ያለባቸው፣ በሁለተኛው የሌለባቸው። የሌለባቸውን እግር የቆረጠው ነገር ትልቅ ነው። ባቡር ነው፣ የጭነት መኪና ነው፣ ዐለመይን በረሃ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀረ ፈንጂ ነው። ስኳር ያለባቸውን ግን ጠጠር ነው የሚቆርጣቸው። አዲስ ጫማ ነው። በመቀስ ሥጋው ድረስ የተቆረጠች ጥፍር ናት። ካለባቸውም ከሌለባቸውም እኩል ሕዝብ ወስደህ ብታስተያይ፣ የመጀመሪያው ዓምድ ሁለተኛውን ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። እዚያ ቢሮ ከገባሁ ጀምሮ አንድም ዓመት ተገላብጦ አላየሁትም።

ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂድና ጣትህን ተወጋ። የደምህን ስኳር ይለኩት። ከዚያ ጻፍልኝ። "ደህና ነው" ብለህ አይደለም፤ ቁጥሩን።

ታናሽህ መደኒ


ሲዋ፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን 1997

ለኤፈንዲው፣ ለቢሮ ሰው ወንድሜ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ። ባለቤትህን፣ ልጆችህን፣ ያንን ሊፍቱ የማይሠራውን ፎቅህንም ሰላም በልልኝ። ደብዳቤህን ለዘሕራ ጮክ ብዬ ላነብላት ጀምሬ "ንዴት" የምትለዋ ጋ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት። "ምነው?" አለችኝ። "ጽሕፈቱ አይነበብም" አልኳት። "የመደኒ ጽሕፈት? ከመስጊዱ ግድግዳ ላይ ካለው ይበልጣል እኮ!" ብላ ሳቀችብኝ። እንግዲህ በሚስቴ ፊት ውሸታም አድርገኸኛል።

ይቅርታ አድርግልኝ፤ ስላዘገየሁ ሳይሆን ስላስቆጣሁህ። አንተ ስትቆጣ ጨጓራህን እንደሚያምህ አውቃለሁ።

የደምህን ስኳር ይለኩት ላልከው፣ በቤተሰባችን ውስጥ ስኳር አለ፤ ሻያችን ውስጥ። አባታችን ዘጠና ዓመት ተምር በልቶ፣ የመጨረሻዋን ፍሬ ተፍቶ ነው የሞተው። ሲገነዝ እግሮቹ ሁለት ነበሩ። አንተም አጥበሃቸዋል፣ እኔም አጥቤያቸዋለሁ።

አለማመሙ አስፈራኝ ትላለህ። እናንተ የከተማ ሰዎች ደግሞ ሳያማችሁም ትጮኻላችሁ። ዘንድሮ አንድ የካይሮ ነጋዴ ጉድጓዱ ውስጥ ገና አሸዋው ደረቱ ሳይደርስ "እናቴ! እናቴ!" አለልህ። አንድ ኩዌታዊ ደግሞ ራቁቱን ዘሎ ወጣ፤ አሸዋው ላብ ላይ ተጣብቆበት ሊጠበስ ዱቄት የነሰነሱበት ዓሣ መስሎ በድንኳኖቹ መሃል ሮጠ። ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፍነው በጣታቸው መሃል ያዩት ነበር። "አሸዋው የአምናው አሸዋ ነው፤ የለሰለሳችሁት እናንተ ናችሁ" አልኳቸው። እኔ መቼ አሸዋ ስቼ አውቃለሁ? ባዶ እግሬን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቼ ትንሽ ስቆም፣ ሰው የሚችለውን የማይችለውን የውስጥ እግሬ ይነግረኛል። አባታችንም እንዲሁ ነበር። አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም ሙቀት መለኪያ ይዞ መጥቶ፣ እሱ መነጽሩን እስኪያደርግ እኔ ሙቀቱን ነግሬዋለሁ።

ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። የወጋችኝ ከጠንጣ የመጣች ልጅ ናት፣ ጨዋ ናት። ወረቀት ላይ ጻፈችና "አባቴ፣ እዚህ ይቀመጡ፣ ዶክተሩን ልጥራ" አለችኝ። ወይራው ደግሞ ሊደርስ ነው፣ ቅርጫት የሚጠግን ሰው ቀጥሬ ነበር፣ ሳልጠብቅ መጣሁ። ቁጥሩን ብለሃል፤ መነጽሬን አልያዝኩም ነበር።

ቁስሉ እየደረቀ ነው። ዑምራንን አትጠይቀው፤ ልጅ ስለሆነ ያጋንናል። ይልቅ ከምትጽፍ ለምን መጥተህ አታየኝም? አንተስ ተለክተሃል?

ታላቅህ ሰኑሲ


እስክንድርያ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1997

ወንድሜ ሰኑሲ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ባለቤቴ "ዛሬ እንኳ በእርጋታ ጻፍለት" ብላኛለች። እሞክራለሁ።

መነጽርህን ስላልያዝክ ቁጥሩን እኔ ልንገርህ። ጤና ጣቢያው ደውዬ የጠንጣዋን ልጅ አነጋገርኳት። ሦስት መቶ ዘጠና፤ የጤነኛ ሰው ከመቶ አርባ አያልፍም። "ጌታዬ፣ ዞር ስል የሉም፤ በመስኮት ሳይ በአህያ ጋሪ ሲሄዱ አየኋቸው፤ ብጣራም አልሰሙኝም" አለችኝ። ሰምተሃታል። ሻዩ ውስጥ ብቻ አይደለም ስኳሩ።

ተለክቼ እንደሆነ ጠይቀኸኛል። ተለክቻለሁ፤ የለብኝም። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ። ከአንድ ማሕፀን ወጥተን፣ ከአንድ ዘንባባ በልተን፣ አንተ በአንደኛው ዓምድ እኔ በሁለተኛው። ወረቀቱን ይዤ ስወጣ የሰረቅኩ ነው የመሰለኝ።

አሁን የማይጥምህን ልናገር። የካይሮውን ነጋዴና የኩዌቱን ሰውዬ ጉዳይ ለማሳቅ ጽፈህልኛል፤ እኔ ግን እያነበብኩ ብድግ ብዬ ቆምኩ። ሰዎቹ አልለሰለሱም፣ ሰኑሲ። አሸዋው የአምናው አልነበረም፤ ከአምናው ይበልጥ የጋለ ነበር። ሙቀት መለኪያው፣ የውስጥ እግርህ፣ ሞቶ ነበር። አንተ ሙቀቱን ስለማትሰማው ገና ነው እያልክ ፀሐዩ ላይ ታቆየዋለህ፤ ጉድጓዱ በወጉ የጋለበት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ሰው የምታስገባበት። ስኳር በመጀመሪያ የሚወስደው እግሩን አይደለም፤ እግሩ የሚያወራበትን ነው። ከዚያ በኋላ ብታቃጥለውም፣ ምስማር ብትወጋውም፣ ዝም ይልሃል። "ብርድ ገብቶታል" ያልከው ያንን ዝምታ ነው። እና ዝም ያለውን እግር አሸዋ ውስጥ ከተህ፣ ብርድ ልብስ ጠቅልለህ፣ ሦስት ቀን ማንም እንዳያየው አደረግህ። በማግስቱ ቢገለጥ ኖሮ ቃጠሎ ብቻ ነበር።

መጥተህ እየኝ ትላለህ። አልመጣም። ብመጣ ምንጣፍ ላይ ታስቀምጠኛለህ፣ ሻይ ሦስቴ ትቀዳልኛለህ፣ የልጅነታችንን ታወራኛለህ፣ አንድ ጀሪካን ዘይት አሸክመህ ትመልሰኛለህ። አንተን ቤትህ ውስጥ ክርክር ረትቼህ አላውቅም። ስለዚህ አንተ ናልኝ። ዶክተር ወዲዕ የሚባል ቀዶ ሐኪም አለ፤ እጁ ጥሩ ነው፣ አፉም እንደኔ ክፉ ነው። ከዑምራን የሰማሁትን ነግሬው "ዛሬ ቢመጣ ጣቶቹን፣ ምናልባት ደግሞ የእግሩን ጫማ ግማሽ ብቻ እቆርጣለሁ" አለኝ። ዛሬ የሚለውን ቃል ልብ በል።

ታናሽህ መደኒ


ሲዋ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1997

ወንድሜ መደኒ፣

ሰላም ላንተና ለቤተሰብህ ይሁን። መልስ ያዘገየሁት ወረቀት አጥቼ ነው ብል ደስ ባለኝ። የምጽፈውን አጥቼ ነው።

አሁን ያለሁት ከበስተጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ዘሕራ መስኮቱ ላይ በሶብላ በጣሳ ተክላለች። "ለምን?" ስላት "ለዝንብ" አለችኝ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሊጠይቀኝ የሚመጣው ሰው ደግሞ አይገባም፤ ደፍ ላይ ቆሞ "አላህ ያሽርህ፣ እኔ እንኳ ቸኩዬ ነው" ይለኛል። ሲዋ ውስጥ ሰው መቼ ቸኩሎ ያውቃል?

ስለ ካይሮውና ስለ ኩዌቱ ሰው የጻፍከውን አስቤበታለሁ። በሱ ላይ ምንም አልጽፍም። ዑምራን ግን "ለከርሞ ጉድጓዱን ማን ይለካል?" አለኝ፤ "አንተ ለካ" አልኩት።

ጥቁረቱ እስከ ቁርጭምጭሚት ሄዷል። አያመኝም። ይኼው፣ ላንተ ስል አልዋሸሁም።

ሰው ስቀብር ምን እንደምላቸው ታስታውሳለህ? "አትንቀሳቀስ። ከተንቀሳቀስክ አዲስ የጋለ አሸዋ ይነካሃል። ዝም ብለህ ተኛ፣ ያልፋል።" አሁን እኔ ነኝ ጉድጓዱ ውስጥ ያለሁት፣ አንገቴ ድረስ። ወደ እናንተ ብመጣ ትቆርጡታላችሁ። ብቀር እሱ ራሱ ይቆርጠኛል። ወደ ግራ ብልም እሳት፣ ወደ ቀኝ ብልም እሳት፣ ፀሐይዋም አትጠልቅም። አሸዋውን የሚያነሳልኝ ሰው እየጠበቅሁ ነው መሰለኝ፤ አርባ ዓመት ሙሉ እኔ ነበርኩ ያ ሰው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ይህን ሳትመልስልኝ አውቶቡስ አልሳፈርም። ይህን ሁሉ ዘመን እግር ስትቆጥር ኖረሃል። ከቆጠርከው በኋላ የት ይሄዳል? የት ነው የሚጥሉት? ሼኹን ጠይቄያቸዋለሁ። "የሕያው ሰው አካል ነው፣ ክብር አለው፣ ይቀበራል" አሉኝ። ያ ሱለይማን፣ ጎረቤቴ፣ ደፍ ላይ ሆኖ ሰምቶ "ሰኑሲ ሞቱን በቁርጥራጭ ሊከፍለው ነው!" አለ። ሳቅን። እሱ ከሄደ በኋላ ግን አሰብኩት። እኔ ቀባሪ ነኝ። የኔ ቁራጭ የትም ወድቆ ውሻ ሲጎትተው፣ ወይ ምድጃ ውስጥ ሲገባ፣ ጀነት ደጃፍ ላይ ምን ይዤ ልቁም? ጠይቅና እውነቱን ጻፍልኝ። አትዋሸኝ፤ አንተ መዋሸት አትችልበትም።

ሰኑሲ


እስክንድርያ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1997

ወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጥያቄህ ሲደርሰኝ በጣም ተቆጣሁ። ሰውዬው እየበሰበሰ ስለ ቁራጩ ማረፊያ ይጠይቀኛል አልኩ። ከዚያ ልመልስልህ ብዕር አነሳሁና የማላውቀው መሆኑን አወቅሁ።

ዶክተር ወዲዕን ጠየቅሁት። "እኔ እስከ ጠረጴዛው ነው የማውቀው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል" አለኝ። ምድር ቤት ወረድኩ። እዚያ የሚሠራ ዐብደሰላም የሚባል ሰው አለ። "ቤተሰቡ ካልጠየቀ ይቃጠላል። ከጠየቀ ፈቃድ ይጻፍለትና ይሰጠዋል። እነሱም ወስደው ይቀብሩታል" አለኝ። "ብዙ ሰው ይጠይቃል?" አልኩት። "ብዙ ሰው ያፍራል፣ ኡስታዝ። ሰው እግር ይዞ መሄድ ያፍራል" አለኝ።

እውነቱ ይኸው ነው። አልዋሸሁህም።

አሁን ስማኝ። ያንተን እኔ ራሴ እቀበለዋለሁ። በነጭ ጨርቅ አስጠቅልዬ፣ ሳጥን ውስጥ አድርጌ፣ እኔ ራሴ ይዤው ሲዋ እገባለሁ። ከአባታችን ጎን አስቀብረዋለሁ። ወላሂ። ለዑምራን አልሰጠውም፣ ለሾፌር አልሰጠውም። አላፍርም።

እኔ የድርሻዬን አድርጌያለሁ፤ አንተ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ግባ። ዶክተሩ ከጉልበት በታች መቁረጥ አሁንም ይቻላል ይላል። ጉልበት ከተረፈ ሰው በሰው ሠራሽ እግር ይሄዳል፣ ይሰግዳል። "እስከ መቼ ነው የሚቻለው?" አልኩት። "መደኒ፣ ይህ ባቡር አይደለም፤ የመነሻ ሰዓቱን ማንም አለጠፈልኝም" አለኝ።

ወይራው ይቆይ። ለአንድ ዓመት መሬት ላይ ቢረግፍ ወፍ ይበላዋል። ና።

መደኒ


እስክንድርያ፣ ሆስፒታል፣ ዲሴምበር 8 ቀን 1997

ለወንድሜ ለመደኒ፣ ሲዋ፣ በቤቴ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዓለም ተገለበጠች፤ እኔ በከተማህ፣ አንተ በቤቴ። ዑምራን አልጋዬ ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ይተኛል፤ ሌሊቱን ሁሉ "አባ፣ ውሃ?" ይለኛል። ከትናንት በስቲያ ሳጥኑን በክንድህ አቅፈህ በክፍሉ በር ስታልፍ አይቼሃለሁ። ያየሁህ አይመስልህም ነበር። ቀስ ብለህ ነው የተራመድከው፣ የተኛ ልጅ እንደያዘ ሰው።

የተቆረጠው ከጉልበት በላይ ሆነ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ አንተም ታውቀዋለህ፤ እንተወው። "ወይራው ይለቀምና" አልኩ፣ ተለቀመ። ዘይቱ ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ ሲዋ እያለህ ቅመሰው።

ከጎኔ የተኛው ፈትሒ የሚባል የትራም ቲኬት ቆራጭ ነው፤ ከትራሙ ሲወርድ ተንሸራቶ አንድ እግሩ ሄዷል። ይኮራብኛል። "የኔን የወሰደው ብረት ነው፤ ያንተን የወሰደው ባቅላዋ ነው!" ይለኛል። "እኔ ባቅላዋ አልበላም" ስለው "ይባስ ብሎ ሳትበላው!" ይላል። ሁለቱ ዓምዶችህ ጎን ለጎን ተኝተዋል ብዬ ልስቅ ነበር፤ ስስቅ ስፌቱ ይስበኛል።

ትናንት ግን ፈትሒ እንዲህ አለኝ። "ሐጅ፣ እኔ የቀረችኝ እግር ዕድሜ ልኬን የኔ ናት። አንተስ?" ዶክተር ወዲዕ ሲመጣ ጠየቅሁት። ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ክራንች አወራኝ። ያ ሰውዬ ለአፉ ወደ ኋላ የማይል ሰው ነው፤ ጉሮሮ ሲጠርግ አልወደድኩትም። ስለዚህ አንተን እጠይቅሃለሁ። አንዷን ያጡ ሰዎች፣ ሁለተኛዋንስ ስንቶቹ ያጣሉ? ቁጥሩ አለህ። ለቁጥር እንደማትሰስት አውቃለሁ። ጻፍልኝ።

ሌላም አለ። አሸዋ ውስጥ ሲቃጠል ያልሰማሁት እግር አሁን ያቃጥለኛል። የለም፣ ግን ያቃጥለኛል። ጣቶቹን አንድ በአንድ እሰማቸዋለሁ። ለፈትሒ ነገርኩት፤ የሱም ያሳክከዋል። የወዳደቁት እግሮቻችን ተገናኝተው የሚያሙን ይመስለኛል።

ለዑምራን ነግሬዋለሁ፤ ጉድጓዱን በእግሩ ብቻ ሳይሆን በክንዱም እንዲለካ፣ የተቀበረው ሰው ሲጮህ ደግሞ እንዲያወጣው። እንዳይስቅበት።

እንዴት እንደተቀበረ ጻፍልኝ። ሰው ምን አለ? አፈሩ ደረቅ ነበር?

ሰኑሲ


ሲዋ፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1997

ወንድሜ ሰኑሲ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዘሕራ ደህና ናት። በየጠዋቱ የእግሬን ጫማና የጣቶቼን መሃል በእጇና በመስተዋት ታያለች፤ "ባሌ እስኪመጣ እጄን ላፍታታ" ብላ እኔን ማሠልጠኛ አድርጋኛለች። ስትጨርስ "ያንተስ ንጹሕ ነው፤ አያሳዝንም?" ትለኛለች። "ያሳዝናል" እላታለሁ። ዘይቱን ቀምሻለሁ። ጥሩ ነው። ያ ዘይት ግን ጉልበትህን ነው የወሰደው፤ ሁለተኛ አልቀምሰውም።

የጠየቅኸኝን ልንገርህ። መጀመሪያ መንገዱን።

አውቶቡስ ላይ ሳጥኑን ጭኔ ላይ ላኖረው አሰብኩ፤ ረጅም ነው፣ አልሆነም። በእግሬ መሃል አቆምኩት። ከመርሳ መጥሩህ ወዲህ ባለው ኬላ ወታደር ገብቶ ዕቃ ፈተሸ። በጫማው ነካ አደረገውና፣

"ይኼ ምንድን ነው፣ ሐጅ?"

"የወንድሜ እግር።"

"ከወታደር ጋር አይቀለድም።"

"ፈቃዱ ይኸው። በጫማህ ደግሞ አትንካው።"

አነበበ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነው የሚያነበው። "አላህ ይማረው። ሟቹስ የት አለ?"

"እስክንድርያ፤ ፉል እየበላ።"

የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዲት ሴትዮ "እንደሱ ያለ ሟች ያድርገኝ!" አለች። ወታደሩ ግን አልሳቀም። ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ዝቅ ባለ ድምፅ "የኔም አባት ስኳር አለበት። እግሩ ላይ ምን ማየት አለብኝ?" አለኝ። ነገርኩት። የሱን ጫማ አስወልቄ ነው ያሳየሁት፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ። ሲወርድ ሳጥኑን ራሱ አቅንቶልኝ ወረደ። ይህን ሁሉ ዘመን ሪፖርት ጽፌያለሁ፤ አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ ሲሰማኝ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

ሲዋ ስደርስ ሰው በሙሉ ደጅህ ተሰብስቦ ነበር። እግር ሲቀበር ምን እንደሚባል የሚያውቅ የለም። አንዱ መጣና "አላህ ያጽናህ" አለኝ። ሱለይማን ከኋላው "ዝም በል፣ ሰውዬው አልሞተም!" አለው። "ታዲያ ምን ልበል?" "እንኳን የቀረው ቀረልህ በል!" ሼኹ መጥተው ሰላተል ጀናዛ፣ የሟች ሶላት፣ እንደማይሰገድበት ነገሯቸው። ከዚያ ተነሥተን ሄድን፤ ሳጥኑን አልሰጠኋቸውም፣ ሁሉም ግን በየተራ እጃቸውን አሳረፉበት።

አፈሩ ደረቅ ነበር። ይህን ጠይቀሃል። ደረቅና ንጹሕ፣ ጨው የሌለበት።

አሁን ወደ ጥያቄህ እየመጣሁ ነው፤ ለዚያ ነው ደብዳቤው የረዘመው።

በላል መቃብር ቆፋሪው ቀድሞን ደርሶ ነበር። ጉድጓዱን አየሁት። ከአባታችን ጎን፣ የሰው ቁመት ያህል፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ። ልክ እንዳንተ ቁመት።

"ይኼ ለማን ነው?" አልኩት።

"ለሰኑሲ።"

"እኔ ያመጣሁት እግር ነው።"

"እግር ብቻውን አይመጣም፣ ኤፈንዲ። መንገድ ሊመራ ነው የሚመጣው። እግሩን እግርጌው ላይ አኖርለትና የቀረውን ጉድጓድ በስሱ አፈር አለብሰዋለሁ፤ ሌላው አካሉ ሲመጣ አልቸገርም። እኔ ሁለቴ አልቆፍርም፤ ወገቤን ወንድምህ ያውቀዋል።"

"ድፈነው።"

"ምን?"

"ድፈነውና አጭር ቆፍር። ለእግር የሚሆን።"

ሰውዬው ሼኹን አየ። ሼኹ መሬቱን አዩ። አንዱ ከኋላዬ "ኤፈንዲው ከእስክንድርያ አብዶ መጣ" ሲል ሰማሁ። "አላበድኩም! ልክ እንዲሆን ነው የምለው!" ብዬ ጮህኩባቸው፤ መቃብር ላይ ጮህኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። በላል አካፋውን መሬት ላይ ጣለው። "እንግዲያው አንተ ድፈነው" አለኝ። አነሳሁት። በቢሮ ጫማዬ ገብቼ ራሴ ደፈንኩት፣ የራስጌውን በኩል በሙሉ። ማንም አላገዘኝም፤ በመጨረሻ ሱለይማን ብቻ መጥቶ፣ ምንም ሳይቀልድ፣ በእጁ አፈር ይገፋ ጀመር።

በላል ያለው ውሸት ቢሆን ኖሮ እንዲያ አልቆጣም ነበር። የጠየቅኸኝን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። ሰው ቁጥር ሲደብቅ ስሳደብ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ አለቃዬን ተሳድቤያለሁ፣ ዶክተሮችን ተሳድቤያለሁ፣ አንተንም በመነጽርህ ምክንያት ተሳድቤያለሁ። አሁን አንተ ስደበኝ። አልጽፍልህም። የሺህ ሰዎችን ነገር የሚናገር ቁጥር ነው፤ ስለ አንድ ሰው ሲጠይቁት እንደ ሞተ እግር ዝም ይላል። አንተ ደግሞ ለኔ አንድ ነህ።

ጉድጓዱን በክንዴ ለክቼዋለሁ። አጭር ነው፤ ለሕፃን ያህላል። በአንድ በኩል አባታችን አለ፣ በሌላው በኩል የግቢው ግንብ። እግርህ ከገባ በኋላ ከራስጌው በደፈንኩት ቦታ ላይ ድንጋይ አስደረደርኩበት፤ በላል እየተሳደበ ነው የደረደረው። ለአንተ የሚሆን ቦታ እዚያ የለም። ሳላውቅ አይደለም፤ ሆን ብዬ ነው።

ቦታ ከፈለግህ መጥተህ፣ ቆመህ፣ ራስህ ምረጥ።

ታናሽህ መደኒ